ከአስር ስንት

ባለቤቴን ያወቅኩት ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ በተቀመጥኩበት ቀን ነው። ቦታው ዋጫ ነበር፤ ከመምህራን ኮሌጅ እንደወጣሁ መጀመሪያ የተመደብኩባት ከተማ። ቢያስመልሰኝ ብዬ ጭኔ ላይ ፌስታል ይዣለሁ። ልጅ ያዘሉ አንዲት እናት በፊቴ ሲያልፉ አዩኝና ቆም አሉ።

"ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?"

እጅ እንደዚያ ራስ ላይ የሚጫነው ለሬሳ ነዋ። "ማንም አልሞተብኝም፤ ራሴን አሞኝ ነው" አልኳቸው። "እግዜር ይማርሽ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ራስ ምታት ብቻ መሆኑ ግን ትንሽ ቅር ያሰኛቸው መሰለኝ።

ያኔ ሕመሙ አዲስ አልነበረም። የጀመረኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው፣ ቦንጋ። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ነው፤ አያቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነበር። ግራ ዓይኔ አካባቢ አንድ ነገር ይብለጨለጫል፤ ብልጭታው ሲጠፋ ፍልጠቱ ይገባል። እናቴ "ዓይን ነው" ብላ ጸበል ወሰደችኝ። አባቴ ጥናት አብዝታ ነው አለ። አንዷ ነርስ ውሃ ጠጪ አለችኝ፤ ውሃ ጠጣሁ። ቤታችን ውስጥ "እሷ ራሷን ያማታል" የሚባለው ቁመቷ ረጅም ነው እንደሚባለው ነበር። ምን ያህል እንደሚያመኝ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የዋጫው ጤና መኮንን ጠየቀኝ። ጋዋኑ የሰፋው ቀጭን ልጅ ነበር፤ የካፋ ልጅ፣ ከደካ ወጣ ብላ ካለች መንደር። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የለመደው። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደሚጽፍ አድርጎ ይናገራል። አንቱ ይበለኝ አንቺ ይበለኝ አልወሰነም።

"ሕመሙን ከዜሮ እስከ አስር ቢሰጡት... ብትሰጪው፣ ስንት ትሰጪዋለሽ? ዜሮ ማለት ምንም ሕመም የለም። አስር ማለት ከዚህ የባሰ ሊኖር አይችልም የምትይው ነው።"

እንባዬ መጣ። ከሕመሙ ይልቅ ጥያቄው ነው ያስለቀሰኝ።

"አስር" አልኩት።

በእውነትም አስር ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ከሱ የበለጠ ሕመም አላውቅም።

አልሳቀም። ወንበሩን ወደኔ ሳብ አድርጎ "እንዴት ነው የሚያምሽ?" አለኝ። "ይወጋሻል? ይጠዘጥዝሻል?" ከዚያ ጠበቀኝ። ከዓይኔ ጀርባ እንደ ወስፌ እንደሚበሳኝ፣ ቆይቶ እንደሚፈልጠኝና እንደሚወቅረኝ፣ ማጅራቴን ሰቅዞ እንደሚይዘኝ ነገርኩት። "ይፈልጠኛል"ና "ይጠዘጥዘኛል" ልዩነታቸው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ራሴን እንደያዝኩ አስተማሪነቴ መጣብኝ። ፍልጠት ከውጭ ነው፤ ሰው በመጥረቢያ የመታሽ ነው የሚመስልሽ። ጥዝጣዜ ደግሞ ከውስጥ ነው፤ እንደ መገለ ቁስል ልብሽ በመታ ቁጥር አብሮ ይመታል። እናቱ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ለራስ ሕመም የሚሉትን አስታውሶ ወደ አማርኛ ሊያመጣልኝ ሞከረ፤ አልመጣ አለውና ሳቀ።

ግድግዳው ላይ የፊት ሥዕሎች ተለጥፈው ነበር፤ ከሚስቀው ተነስተው እስከሚያለቅሰው የተደረደሩ ክብ ክብ ፊቶች። ቁጥር ለማያውቁ ነው፣ በጣታቸው እንዲያሳዩ፣ አለኝ። የኔን ፈለግኩ፤ አጣሁት። ሲብስብኝ ፊቴ አያለቅስም፣ አይጨማደድምም። ዝም ነው የሚለው። ዝም ያለ ፊት አልተሳለም።

በሚቀጥለው ዓመት ተጋባን።

ቦንጋ ተዛውረን አንድ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራየን። የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ደስ ይሉ ነበር፤ ይህን የምለው አሁን ስለራቁ ብቻ አይደለም። ሕመሙ ሲጥለኝ ከሥራ መጥቶ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ በባዶ እግሩ አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ይልና በሹክሹክታ "ከአስር ስንት?" ይለኛል።

"ስምንት። ይወቅረኛል።"

"የት ጋ?"

"ቅንድቤ ላይ።"

ከዚህ በላይ አንነጋገርም። እርጥብ ፎጣ ያመጣልኛል። ቦንጋ ዝናቡ እንዳባራ ፀሐይ ድንገት ትወጣለች፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ያንን ብርሃን ሰብስቦ በመስኮታችን ይልከዋል። መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ በምስማር መታልኝ። ባጃጅ ነጂዎቹን በራችን ላይ ጥሩንባ እንዳይነፉ ለምኗል። ፍቅር ማለት በቃ ይህ ነው እል ነበር፤ ምን ያህል እንደሚያምሽ የሚጠይቅሽ ሰው ማግኘት።

ብዙ ሞከርን። ፓራሲታሞል፣ ዲክሎፌናክ በመርፌ፣ ለደም ግፊት የሚሰጥ ኪኒን፣ የሚያፈዝ የማታ ኪኒን። አንድ ጊዜ "እስቲ ለጥቂት ወራት ቡና ተዪ" አለኝ። ተውኩ። ሕመሙ ንቅንቅ አላለም፤ ሰፈሩ ግን ተቀየረብኝ። ፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ አንድ ቀን በር ላይ አገኙኝ።

"ምነው ራቅሽን?"

"ሐኪም ቡና ከልክሎኝ ነው፣ እትዬ።"

"ካፋ ላይ ተቀምጦ ቡና የሚከለክል የምን ሐኪም ነው ደግሞ?"

"ባሌ ነው።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀስ በቀስ ግን እኔን መጥራት ተዉ። የማይጠጣ ሰው ምን ብለው ይጥሩት? ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ የሚሰማው እዚያ ነው። ለቅሶ ሁሉ ሰው ከደረሰ በኋላ እየደረስኩ "ይቺ ሰው ኮራች" ተባልኩ። በኋላ ቡናውን ብጀምርም የጠራኝ የለም።

ልጃችን ስትወለድ ምጤ ከበድ ያለ ነበር። አዋላጇ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ናት። ሕፃኗን ታቅፌ ተኝቼ ሳለ ባለቤቴ ገባና ግንባሬን ሳም አድርጎ፣ ሊያስቀኝ ፈልጎ፣ "እሺ፣ ይህስ ከአስር ስንት ነው?" አለ።

"ስምንት" አልኩት።

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። አዋላጇም ዞር ብላ አየችኝ። ለመቀለድ አልነበረም። ምጥ መሃል መሃሉን ያሳርፋል። "በርቺ፣ ደረሰ" የሚልሽ ሰው አጠገብሽ አለ፤ እውነትም ይደርሳል፤ ሲያልቅ የሚያለቅስ ነገር እቅፍሽ ውስጥ ያኖራሉ። ለራስ ፍልጠት "በርቺ፣ ደረሰ" የሚል የለም። የሚደርስ ነገር የለማ።

ከወለድኩ በኋላ ባሰብኝ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የልጄን ልብስ እያጠብኩ ግራ እጄ ደነዘዘ። ሳሙናው ከጣቶቼ አመለጠ። ድንዛዜው በክንዴ ወጥቶ ወደ ከንፈሬ ሲመጣ ይታወቀኛል። ባለቤቴን ልጠራ አፌን ስከፍት ስሙ ጠፋኝ። ወለሉ ላይ የተኛችውን ልጄን አየኋት፤ የሷም ስም የለም። ምን እንደምትባል ብቻ ሳይሆን "ልጅ" የሚለው ቃል ራሱ አልነበረም። በጣቴ እያሳየሁ "ያ... ያ..." አልኩ። ባለቤቴ ከጓሮ ሮጦ መጣ። ፊቱን ሳየው ነው የደነገጥኩት፤ እየሞትኩ እንደሆነ ያመነ ፊት ነበር። ከዚያ ቃሎቼ ቀስ እያሉ ሲመለሱ ሕመሙ ገባ። ስለዚያ ሕመም መጻፍ አልችልም። ይወጋኛል፣ ይፈልጠኛል የሚባለው ወጊውና ተወጊው ለየብቻ ሲሆኑ ነው። ያን ቀን ከሕመሙ ሌላ እዚያ ቤት ውስጥ የነበርኩ አይመስለኝም።

ወደ ሌላ ከተማ ወስደውኝ ጭንቅላቴ በማሽን ፎቶ ተነሳ። ሐኪሙ ጥቁሩን ፎቶ ወደ ብርሃን አንስቶ አየና ፈገግ አለ።

"ደስ የሚል ዜና ነው። ምንም የለም።"

ባለቤቴ ተቀመጠ፣ ከዚያ ሳቀ። እናቴ በስልክ ስትሰማ እልል አለች። ቦንጋ ስመለስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ከቡናው ጊዜ ወዲህ ያላየኋቸው ሁሉ መጡ። "እንኳን ደስ ያለሽ፤ ምንም የለብሽም አሉ እኮ።" እንዲህ ማለታቸው ለደስታዬ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ ምንም እንደሌለብኝ ያልተረዳ ሰው አልነበረም።

ቁጥሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው።

ዋጫ ላይ አስር ያልኩት ከዚያ ቅዳሜ ጋር ሲተያይ ስድስት እንኳ የሚሞላ አልነበረም። ስለዚህ ቅዳሜው አስር ሆነ። ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ ከቅዳሜው የባሰ መጣ። አሁን ይህኛው አስር ከሆነ ቅዳሜው ምንድን ነው? እንደዚህ ሆኖ ሆኖ አስርን መጥራት ፈራሁ። በጠራሁት ቁጥር የሚበልጠው ይመጣል። ገና ላልመጣው ይሁን ብዬ ተውኩት። አዘውትሮ የሚመጣብኝ ሕመም እንደነበረ ነው፤ ስሙ ግን ከስምንት ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ አምስት ወረደ። ለባለቤቴም የምነግረው ይህንኑ ነበር። አልዋሸሁትም። የተሰማኝን ነው የነገርኩት።

እሱ ደግሞ ያየው ሌላ ነው። የማታውን ኪኒን መጠኑን የጨመረልኝ በዚያው ሰሞን ነበርና ቁጥሩ ሲወርድ መድኃኒቱ ሠራ ብሎ አመነ። ሲጠይቀኝ "አምስት" ስለው ዓይኑ ይበራል። ለእናቱ በስልክ "እየተሻላት ነው" ሲል ሰማሁት፤ ካፊኖኖ ያንን ያህል እሰማለሁ።

"ቁጥሩ ነው እንጂ የወረደው ሕመሙ አልወረደም" አልኩት አንድ ቀን ምሳ ላይ።

"ቁጥሩ ወረደ ማለት ሕመሙ ወረደ ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?"

"መለኪያው ረዘመ። በፊት ከነበረው ጣሪያ በላይ ሌላ ፎቅ አየሁ።"

እጁን ሳህኑ ላይ እንዳቆመ አየኝ። እንዲህ ብሎ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር፤ ኪኒኗን ሳትውጥ ዋጥኩ የምትል በሽተኛ የሚያይ ነበር የሚመስለው።

"አንዳንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ከታመመ መዳን ያስፈራዋል" አለ። በቁጣ ቢለው ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ አዝኖልኝ ነው ያለው።

ብዙም ሳይቆይ ደካ አቅራቢያ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊነት ተሰጠው። የትውልድ ወረዳው ነው፤ በኔ ምክንያት ቀደም ሲል እምቢ ብሎት የነበረ ቦታ። አሁን እየተሻላት ነው ብሎ ተቀበለ። እኔም አትሂድ አላልኩም። ምን ብዬ? መንገዱ በክረምት ጭቃ ነው፤ ሲመቸው ቅዳሜና እሁድ ይመጣል፣ ሳይመቸው ይቀራል።

እሱ ከሄደ በኋላ አማቴ ሊጠይቁኝ መጡ፣ ማር ይዘው። አማርኛቸው ጥቂት ነው፣ የኔም ካፊኖኖ ጥቂት ነው። ሕመም ላይ አገኙኝ። ጨለማው ክፍል ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው "የት?" አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ቅንድቤ ላይ አደረግኩት። ነጠላቸውን አውልቀው ራሴን ጥብቅ አድርገው አሰሩኝ። ምንም አላቀለለልኝም። እሳቸው ግን አልተነሱም፤ ከሰዓቱን ሁሉ አብረውኝ ጨለማ ውስጥ ቆዩ። ልጃቸው ስልክ ደወለ። ስለኔ ተጨቃጨቁ። "አምስት ብላለች እኮ" ዓይነት ነገር ሲል የገባኝ ቁጥሩን በአማርኛ ስለጠራው ነው። አማቴ ወደኔ ዞረው አዩኝና፣ ፊቷን አላየህማ፣ አሉት። ይህን ሰማሁ። በማግስቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ጉልበታቸው አልፈቀደላቸውም።

ትምህርት ቤት የማስተምረው አማርኛ ነበር፣ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል። አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ዓረፍተ ነገር ጽፌ መለስ ብዬ ሳየው ግማሹ የለም። ግራው በኩል ብልጭልጭ የሚል ጉድጓድ ሆኗል። የጎደለውን ልሞላ ብዬ ደግሜ ጻፍኩበት፤ ለካ ባለው ላይ ነው የምጽፈው። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ "ቲቸር፣ ምን ሆኑ?" አሉ። ቃል ልመልስላቸው አልቻልኩም። ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ወጣሁና የስፖርት ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ ፍራሽ ላይ ተኛሁ። አምስተኛ ክፍል ያለ አስተማሪ ሲንጫጫ እሰማለሁ።

ይህ ተደጋገመ። ርዕሰ መምህሩ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ደግ ሰው ነበር። ብዙ ቻለኝ። ራሱ ገብቶ በኔ ቦታ አስተምሯል። አንድ ቀን ቢሮው አስጠራኝ።

"እህቴ፣ እኔ አምንሻለሁ። ወረቀት ግን እንደኔ አያምንም። የሕክምና ቦርድ ቅረቢና የቢሮ ሥራ ይፍቀዱልሽ። ቤተ መጻሕፍት አለ፣ መዝገብ ቤት አለ። እነሱ ካሉ እኔ ነገ አዛውርሻለሁ።"

ባለቤቴ ከደካ መጥቶ አብሮኝ ሄደ። አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሁሉ አስጠናኝ። "አስር በይ። ዝርዝር ውስጥ አትግቢ። ይፈልጠኛል፣ ይወቅረኛል አትበያቸው፤ የሚሰሙት ቁጥሩን ነው። አስር፣ በቃ።" እሺ አልኩት። እሺ ስለውም አስር ልላቸው ነበር።

ቦርዱ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ በሩ አጠገብ እንዲቀመጥ ፈቀዱለት። የጠየቁኝ ሽማግሌ ሐኪም ናቸው፤ ትሁት፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ።

"አሁን ያምዎታል?"

"ያመኛል።"

"ከአስር ስንት?"

"አራት።"

ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ።

"ሲብስብዎትስ?"

"ስድስት። ሰባት የሚሆንበትም አለ።"

"አስር የደረሰበት ጊዜ አለ?"

አስር ልል አፌን ከፈትኩ። ሐኪሙ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ እውነቱን ለማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። እንደዚያ የጠየቀኝ ሰው ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ አሰብኩበት።

"አስር መስሎኝ የነበረው ሁሉ በኋላ ሳየው አስር አልነበረም" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጻፉ። ሌላኛው የቦርዱ አባል በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያመኝና ምን እንደምወስድ ጠየቀኝ። ፎቶውን አዩ። በአንደበቴ ደህና እናገራለሁ፣ በእግሬ ገብቻለሁ፣ አላለቀስኩም። ውጭ ትንሽ ካስጠበቁን በኋላ ውሳኔውን ሰጡን። መካከለኛ ሕመም፤ መድኃኒቷን እየወሰደች መደበኛ ሥራዋን መሥራት ትችላለች።

ደጅ ደረጃው ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ቆመ።

"አስር በይ ብዬሽ አልነበር?"

"ብለኸኛል።"

"ታዲያ ምን ነካሽ? አንድ ቃል እኮ ነው!"

"አስሩን ገና አላየሁትም።"

ሰው በግራና በቀኝ እያለፈን ይወጣል፣ ይወርዳል። እሱ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ወደ ላይ አየኝ።

"እነዚያ አምስቶች..." አለ። "አምስት ስትይኝ የነበረው... እኔ ደስ ሲለኝ..."

"ዋጫ አስር ያልኩህ ነው።"

ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ ተቀመጥኩና እጄን ጀርባው ላይ አኖርኩ። የማጽናናው እኔ ነበርኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት ከረሜላ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ለሱ መሆኑ ነው። በአውቶቡስ ተመለስን። ቦንጋ መግቢያ ላይ፣ ጫካው ውስጥ ጉም ሲቀበለን፣ "የምሰጥሽ ሌላ መድኃኒት የለኝም" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት።

እስከዚያ ቀን ድረስ የራቀኝ ስላላመነኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። ካመነኝ በኋላ የባሰ ራቀ። ሕመሙ ምን ያህል እንደሆነ አውቆ፣ ሐኪም ሆኖ፣ ሚስቱ ላይ ሲደርስ ቆሞ ማየት አልቻለም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን መቻሌን እንጃ። አልተጣላንም። ለበዓል ይመጣል፣ ማር ያመጣል፣ ጣሪያው ካፈሰሰ ይወጣበታል፣ የልጁን ደብተር ያያል። ሕመም ላይ ካገኘኝ ወደ ክፍሉ አይገባም። በሩ ጋ ቆሞ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ፤ ከዚያ እግሩ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ምንም አይጠይቅም።

ትምህርት ቤቱን የተውኩት በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ማንም አላባረረኝም። ርዕሰ መምህሩ ተዛውሮ ነበር፤ አዲሱ አያውቀኝም፣ ከመጀመሪያ ጀምሮ ልነግረው ደግሞ አቅም አልነበረኝም። አሁን ከልጄ ጋር እናቴ ግቢ ኋለኛው ክፍል ነው የምኖረው። ውጭ አገር አዲስ መርፌ ወጥቷል ብላ አዋላጇ ነግራኛለች። እዚህ የለም፤ መቼ ይመጣል ስላት እሷም አታውቅም። ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲለኝ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፤ ሌላ ማለት ትቻለሁ። ለራሴም ቢሆን ቁጥር አልሰጠውም። ሲመጣ መጣ፣ ሲሄድ ሄደ ነው።

መምጫውን አውቀዋለሁ። ማዛጋት ያበዛብኛል፣ ማጅራቴ ይደርቃል፣ ጣፋጭ ያምረኛል። ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ እንደዚያ አደረገኝ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። አቅሜ ሳለ ልብሱን ከገመድ አወረድኩ፣ የልጄን ራት በሳህን ከድኜ አስቀመጥኩላት፣ ባልዲውን አልጋው ሥር አደረግኩና በሩን ገርበብ አድርጌ ተኛሁ። እሷ ደጅ ብይ እየተጫወተች ነበር።

የጎረቤት ልጆች መጥተው አጥሩ ላይ ሲጠሯት ሰማሁ። ስትሮጥ ኮቴዋ ተሰማኝ፤ የግቢው በር ሲጢጥ አለ።

"ቀስ በሉ፣ አትጩኹ" አለቻቸው።

"ግቢያችሁ ውስጥ እንጫወት?"

"አይቻልም። እማዬ የለችም።"

"የት ሄዳለች?"

ቆርቆሮው ላይ የቀረው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

"እኔ እንጃ" አለች ልጄ። "የለችም ብቻ።"